«ማክሰኞ» ብሎ ስላለፈው ባለቤቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የላቀ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ መሥሪያ ቤትዎ «ጤነኛ» የሚለውን ቃል በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደሚለጥፍ በገዛ ቤቴ ካየሁ ወዲህ የሰው ሁሉ ጤና ያሳስበኝ ስለጀመረ ነው። እርስዎም፣ የትዳር ጓደኛዎም፣ ልጆችዎም ደህና ሁኑልኝ፤ ምግቡ ይስማማችሁ፣ እንቅልፉ ይጣማችሁ፣ በተለይም ከአንገት በላይ ክፉ አይንካችሁ።

እኔ ከሆስፒታልዎ የኋላ በር ትይዩ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ባለቤቴ ነው። ሰፈሩ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ አፉ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ፀጉሩ ገና ያላደገ ሰው ሁሉ «እስቲ ከጆሮዬ ላይ ትንሽ ነካ ነካ አድርግልኝ» እያለ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ለመቀስ ብሎ ሳይሆን ለወሬ ብሎ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ያንን ሁሉ ደንበኛ ይዞልኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱን በድምፁ፣ ሌላውን በአካሄዱ እያስመሰለ እራቱ እስኪቀዘቅዝ ያወራልኛል። እኔ ስሰፋ እስፒሎቹን በከንፈሬ ስለምይዝ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላውርዳቸው፣ እየሳቅኩ ብውጣቸው አንተው ነህ የምትቀብረኝ» እለው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርነው እንዲህ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ባለቤቴ የሱቁን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቶ ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ መዝጊያው አምልጦ ወርዶ አናቱን መታው። ደም አልፈሰሰም፣ እብጠቱም ይህን ያህል አልነበረም። ከወደቀበት ተነስቶ ልብሱን እያራገፈ፣ የዛሬው የመጀመሪያ ደንበኛ በሩ ነው፣ ወረፋ እንኳ አልያዘም ብሎ ከደረጃው ላይ ሆኜ የማየውን እኔን አሳቀኝ። የመጨረሻ ቀልዱ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እስቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አስመለሰው፤ ከዚያም በእጁ የያዘውን ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እጅህ ላይ ነው አልኩት፤ አመስግኖኝ እንደገና ጠየቀኝ። ይኼኔ እጁን ይዤ መንገዱን ተሻግሬ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። ከዚህ በታች በቁጥር የምዘረዝራቸው ውለታዎች በሙሉ የተዋሉልኝ ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ጊዜዎን ሰጥተው እንዲያነቡልኝ በትህትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ የድንገተኛ ክፍልዎ ራሳቸውን የተመቱ ሰዎችን በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ስለሚያስቀምጥ፣ ሰው በጭንቁ ሰዓት ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ መሆኑ ገብቶኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ነርሷ ከአንደኛው ጫፍ ጀምራ፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን ለማየት ሲባል ይመስለኛል፣ ለሁሉም ያንኑ ሦስት ጥያቄ ጮክ ብላ ትጠይቃለች፦ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ያለነው የት ነው፣ ይኼ ስንት ጣት ነው። ጣቱ ሁልጊዜ ሁለት ነው። መጀመሪያ የተቀመጠው ከመወጣጫ ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ምን ቀን ነው ሲባል ጥቂት አስቦ «ማክሰኞ» አለ። ቀኑ ረቡዕ ነው። ነርሷ ግን ማክሰኞ ወደ ሥራ ገብታ ገና ወደ ቤቷ ያልሄደች ስለነበረች ለእሷም ማክሰኞው አላለቀም፤ ምስኪን፣ በእሷ አልፈርድም፤ ልክ ነው ብላ ምልክት አደረገችለት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ አለ። ቀጥሎ ያለችውም ማክሰኞ አለች። አግዳሚው እንዳለ ማክሰኞ ሆነ።

ተራው ባለቤቴ ዘንድ ሲደርስ ዝም አለ። ይኼ ሰው ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ሲል ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ይኼኔ ከጎኑ የተቀመጡ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው የመጡ እናት በክርናቸው ነካ አድርገውት፣ «ማክሰኞ በል የኔ ልጅ፤ እኛም ማክሰኞ ብለን ነው ያለፍነው» አሉት። እሱም አለ። ጣቱንም እሳቸው ነገሩት። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ መድኃኒቱ ምርመራውንም ደርቦ እንደሚሠራ ያወቅሁት ግን በእርስዎ ሆስፒታል ነው። እኔ ተነስቼ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፣ ሲነግሩትም ሰምቻለሁ ብል፣ ነርሷ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ «እርስዎም ተመትተዋል እንዴ?» አለችኝ። ዘበኛው አስታማሚ ከመስመሩ ውጪ ነው ብሎ በትህትና አወጣኝ። ባለቤቴም «ንቁ ነው፣ ቀኑንና ቦታውን ያውቃል» ተብሎ አለፈ።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ከመመታቱ ከጥቂት ወራት በፊት በግቢዎ ድንኳን ተተክሎ፣ ሪባን ተቆርጦ ስለተመረቀው የደም መመርመሪያ መሣሪያ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልወጣልኝም። ያን ዕለት በመስኮቴ ሆኜ ንግግርዎን ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም በደንብ እንዲሰማኝ ብዬ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነበር። አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ ሰው በተመታ በሰዓታት ውስጥ ከክንዱ ጥቂት ደም ከተወሰደ ይህ መሣሪያ ጉዳቱን ዓይን ሳያየው ያውቀዋል፤ ከእንግዲህ «ምንም አልሆነም» ተብሎ ወደ ቤቱ ተልኮ የሚጠፋ ሰው አይኖርም ብለው ነበር። እኔም በልቤ አጨብጭቤልዎታለሁ።

ስለዚህ አንድ ወጣት ሐኪም ባለቤቴን አይቶ፣ ዓይኖቹን በመብራት መርምሮ፣ ይኼ ሰው ያንን የደም ምርመራ አሁኑኑ ማድረግ አለበት ሲል እፎይ አልኩ። ግን ለካ መሣሪያው ውድ ስለሆነ ያለ ክፍል ኃላፊው ፊርማ አይከፈትም። ኃላፊውን ብንጠይቅ ሌላ ከተማ ሥልጠና ሄደዋል። የሥልጠናው ርዕስ የጭንቅላት ጉዳትን ቀድሞ ስለማወቅ ነበር። ወጣቱ ሐኪም እንግዲያው የጭንቅላቱ ፎቶ ይነሳልኝ ብሎ ሲሟገት፣ የአግዳሚው ውጤት ወጥቶ ታየና ቀኑን የሚያውቅ ሰው አያስቸኩልም ተባለ። ከዚያ ቀጠሮ ሰጪዋ፣ ከራሷ በላይ «የጭንቅላት ምት ሰዓት አይሰጥም» የሚል ትልቅ ሥዕል በተለጠፈበት መስኮት በኩል፣ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የተተረተው ለእኛ ነው። ሐኪሙ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ሸኘን፤ ማፈሩን አይቻለሁ፤ እባክዎ በዚህ እንዳይቀጡት።

ሦስተኛ፤ ይህኛው በቀጥታ እርስዎን የሚመለከት ስለሆነ ከተቀመጡበት ተስተካክለው እንዲያነቡት እለምናለሁ። ባለቤቴ ወደ ቤት በተላከ በሳምንቱ ሱቁን ከፍቶ ሥራ ጀመረ፤ እኔ አትሂድ ብዬ ነበር፣ እሱ ግን «ንቁ ነው» የሚል የሐኪም ወረቀት አለኝ አለ። የዚያን ዕለት አንድ የቆየ ደንበኛው መጥቶ ተቀመጠ። ባለቤቴ ጨርቁን አለበሰው፣ ከቀኝ ጆሮው ጀምሮ እስከ መሐል አናቱ አሳምሮ ቆረጠ፤ ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ፣ ጨርቁን አራግፎ፣ ጨርሻለሁ ብሎ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሰውዬው ግማሽ ራስ ተቆርጧል፣ ግማሹ እንደነበረ ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ፤ የሬዲዮ ቀልድ መቼ አልቆ ያውቃል። ያ ደንበኛም በመስታወቱ ራሱን እያየ አብሮ ሳቀ፣ የባለቤቴን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ትገድለናለህ» ብሎ ግማሹን ሊያስጨርስ ወደ ጎረቤት ፀጉር ቤት ሄደ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ራስ የእርስዎ ነበር።

ራሱን የተመታ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ እንደሚተው፣ መተውንም እንደማያውቀው፣ እርስዎ በትምህርት ያወቁት ነገር ይመስለኛል። መሣሪያ አላስፈለገም፣ ፊርማ አላስፈለገም፣ ቀጠሮ አላስፈለገም፤ ውጤቱ በገዛ ራስዎ ላይ ተጽፎ፣ ፊት ለፊትዎ መስታወት ተገትሮ ነበር። በማግስቱ ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በዚህ ሳምንት እንግዳ አይቀበሉም አለችኝ፤ በሩ ሲከፈት ግን፣ የጎረቤቱ ግማሽ ከእኛው ጋር አልገጥም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ባርኔጣ እንዳደረጉ ስብሰባ ሲመሩ አየሁዎት። ባለቤቴ በሥራ ዘመኑ ከቆረጠው ፀጉር ሁሉ ሰፈሩ እስካሁን የሚያወራው ስለዚያ ነው፤ ሳቁን እንደ ወዳጅ ስለሳቁለት አመሰግናለሁ። እንደ ሐኪም አንድ ጥያቄ ቢጠይቁት ግን የበለጠ ባመሰገንኩ ነበር።

አራተኛ፤ ቀጠሯችን ደርሶ፣ ኃላፊውም ከሥልጠና ተመልሰው ፈርመው፣ የደም ምርመራው ተደረገ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ሰው ደሙን ሲቀዳ መቼ እንደተመታ ጠየቀን፤ ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና፣ አሁን ከደሙ ውስጥ የምናገኘው ነገር ካለ ይገርመኛል አለ። እንዳለውም ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ለዚያውም ይኼኛው ውሻ የጮኸው «ጅብ የሚባል አልመጣም» ብሎ ነው። ፎቶም አያስፈልገውም ተብሎ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ከነማኅተሙ ተሰጠን።

ክቡር ሆይ፣ ያ ወረቀት በቤቴ ውስጥ ምን እንደሠራ ልንገርዎ። ሰዎች ባለቤቴ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቁኝ ተመትቶ ነው እል ነበር፤ ከወረቀቱ ወዲህ ይህን ማለት አልችልም። የባለቤቴ እህት መጥታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ ሐኪም ጤነኛ ነው ካለ እንግዲህ ወንድሜን የሰለቸው ሌላ ነገር ነው ብላ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘች፤ ቃኝታ ስትጨርስ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኼ ነው። ደንበኞቹ ኮርቶብናል፣ ንቆናል እያሉ አንድ በአንድ ጎረቤት ሄዱ። አንዲት ወዳጄ ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ፣ ምን አስከፋሽ፣ ዝምታ እኮ ወርቅ ነው አለችኝ። እንደሱ ከሆነ ቤታችን ወርቅ ቤት ሆኗል።

እሱ አይቆጣም፣ አይሳደብም፣ እጁንም አያነሳብኝም፤ ይህን ማንም እንዳይጠረጥር። ጠዋት ወርዶ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ደንበኛ ስለሌለ ራሱ በደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መስታወቱን ያያል። ሲመሽ ይወጣል። ያቀረብኩለትን ይበላና ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው አመስግኖኝ ይነሳል። እንዴት ዋልክ ስለው ደህና ይላል። ማን መጣ ስለው ማንም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ ላውራ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ የደንበኞቼን ነገር፣ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ያለቀሰችውን ሙሽራ፣ ሁሉንም እንደ እሱ እያስመሰልኩ ነገርኩት። በጨዋነት አዳመጠኝ፤ አልሳቀም። አሁን እስፒሎቹን ከከንፈሬ የሚያስወርደኝ የለም፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላሉ።

ብቸኝነትን አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ወላጆቼን ቀብሬአለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ለካ አላውቀውም ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢያንስ ብቻውን መሆኑን ሰው ያውቅለታል፤ ጎረቤት ይጠይቀዋል። እኔ ግን ባል አላት እባላለሁ። በሩን ለሁለት እዘጋለሁ፣ ለሁለት አነጥፋለሁ፣ ለሁለት አቀርባለሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እሰማለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ወረቀትዎ እውነቱን ከሆነ፣ ባለቤቴ ዝም ያለው መናገር አቅቶት ሳይሆን ለእኔ የሚናገረው አልቆበት ነው ማለት ነው። ተጎድቶ ከሆነ አስታምመዋለሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አስታምመዋለሁ። ሰልችቼው ከሆነም እርሜን ላውጣ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሸከም ግን አልቻልኩም፤ የትኛውን እያለቀስኩ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ስለሆነም ለእስካሁኑ ውለታ ሁሉ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ካሣ የማልጠይቅ መሆኔንም እያረጋገጥኩ፣ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ባለቤቴ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው፣ ጊዜ ባለው ሐኪም፣ ከጎኑ መልስ የሚነግረው ደግ ሰው በሌለበት እንደገና ይመርመር። የደሙ ጊዜ አልፏል፣ ገብቶኛል፤ የጭንቅላቱ ፎቶ ግን ይነሳ፣ ማስታወሱና ማሰቡም በወጉ ይፈተሽ። የሚገኘው ምንም ይሁን ምን እውነቱ ይጻፍልኝ። አግዳሚውንም በተመለከተ፣ ሰዎቹን ለየብቻ መጠየቅ ቦታና ሰው የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለጊዜው ቢያንስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲታለፍ ጥያቄው ይለወጥ፤ ነርሷም ወደ ቤቷ ሄዳ ትተኛ። ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ሚስት እንደ እኔ ደብዳቤ መጻፍ የምትችል ላትሆን ትችላለች።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ብድሩን ከፋይ ያድርገኝ እያልኩ፣ ሥራዎ ይቃናልዎ ዘንድ፣ በሚያስመርቁት መሣሪያ ሁሉ ቁልፉ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ ዘንድ፣ ፀጉርዎም በሁለቱም ወገን እኩል ያድግ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር
የ«ሬዲዮ» ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦ ማክሰኞ ብለው ላለፉ ሁሉ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት፣ ስሙ የተነሳበት ሰው መስማት አለበት ብዬ ለባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። መሥሪያ ቤትዎ በማኅተም እንዳረጋገጠው ጤነኛ ነውና አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ በጥሞና አዳመጠ። ስጨርስ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቀው ራሱ ተናገረ። «ሴትዮዋ ያሳዝናሉ» አለኝ። «ቤታቸው ውስጥ የሚያዋራቸው ሰው የለም እንዴ?» ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ውሳኔ ይሰጥበት ዘንድ ለክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።